ሐዲዱን ያነጠፉት እነማን ነበሩ?

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 3 እና ያዕቆብ 5፥1-6



እዚህ ጉባ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መጽሐፈ ነህምያን ስናነብ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ ዘለን ነው የምናልፈው። ስም በስም ላይ ይደረደራል። እከሌ የእከሌ ልጅ ይህን በር ሠራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ እከሌ ያንን ቅጥር ጠገነ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የዕለቱ መሪ «ይህን በየቤታችን እናንብበውና ወደ ምዕራፍ አራት እንለፍ» ሲል፣ በግንባታ ሥራ ለዓመታት በጉልበት ሠራተኛነት የቆየ አንድ ወንድማችን እጁን አነሣ። «አይ፣ አንዝለለው» አለ። «ሥራ ቦታ ጠዋት ጠዋት ካቦው ስማችንን ይጠራል። ስምህ ሲጠራ ዛሬ ሰው እንደሆንክ ታውቃለህ። ይህ ምዕራፍም ስም ጥሪ ነው። እግዚአብሔር የሠራተኞቹን ስም እየጠራ ነው።»

በዚያ ምሽት ወደ ምዕራፍ አራት አልሄድንም። ያ ቃል ልባችን ውስጥ ስለቀረ፣ በአገራችን ምድር ላይ ትልቅ ሥራ ሠርተው ስማቸው ሳይጠራ ስላለፉ ሰዎች ማንበብና መጠየቅ ጀመርን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ስላነጠፉት ሰዎች ነው። ታሪኩ ከጉባ በጣም የራቀ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

በአንድ ውል ውስጥ ወንዝና ሐዲድ

በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ መንግሥት ጋር አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ። በብሪታንያ በኩል የፈረመው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ውሉ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን የሚመለከት ነው። እኛ የምንኖርበት የጉባ ምድር በየትኛው ወገን እንደሚሆን ከወሰኑት ሰነዶች አንዱ እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ድንበሩን እየዞረ ምልክት አደረገበት።

ይህ ውል ሁለት ነገሮችን አብሮ ይዟል። በሦስተኛው አንቀጽ ምኒልክ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ተስማሙ። በአምስተኛው አንቀጽ ደግሞ ብሪታንያ ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የመዘርጋት መብት አገኘች። ወንዙም ሐዲዱም በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፉ።

ያ ሐዲድ አልተሠራም። የሱዳን ባቡር በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ እስከ ሰናር ድረስ መጣ፤ ወደ እኛ ግን አልደረሰም። ወንዙ ግን ቆየ። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚሁ ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ውሉን የፈረሙት ሰዎች ስም በታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ይገኛል። በዚያ ዘመን በዚህ ምድር ይኖር የነበረው፣ ከየአቅጣጫው በባሪያ ፈንጋይ የሚታደነው የጉሙዝ ሰው ስም ግን በውሉ ላይ የለም። ሰዎች በካርታ ላይ መስመር ሲያሰምሩ እርሱ ልጁን ይዞ ወደ ጫካ ይሸሽ ነበር።

ከጅቡቲ ወደ ደጋው

እንግሊዞች ስለ ሐዲድ በሚዋዋሉበት በዚያው ዓመት፣ በምሥራቅ በኩል እውነተኛ ሐዲድ በመሬት ላይ እየተነጠፈ ነበር። ዘመኑ እንግሊዞች በንጉሣቸው በሰባተኛው ኤድዋርድ ስም የሚጠሩት፣ ከ1901 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። በዓለም ዙሪያ ከአፍሪካ እስከ እስያ ሐዲድ የሚዘረጋበት ዘመን ነበር።

ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሌዎን ሼፍኖ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1897) ከጅቡቲ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ለባቡር አስቸጋሪ ስለሆነ ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ። ድሬዳዋ የተባለችው ከተማም በዚህ ምክንያት በደቻቱ ዳር ተወለደች። በመጀመሪያ የኩባንያው ሰዎች «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር።

ከድሬዳዋ ወዲህ ግን ሥራው ቆመ። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አስቆጣ፤ እንግሊዝና ጣሊያንም በጉዳዩ ገቡበት፤ ገንዘብም አለቀ። በ1906 እ.ኤ.አ. ሦስቱ መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ ስለ ባቡሩም ተደራደሩ። በ1908 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠና አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (1917 እ.ኤ.አ.) ነው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለነበር ባቡሩ ዋና ከተማቸው ሲገባ አላዩም።

እስካሁን የጻፍነውን እስቲ መለስ ብላችሁ ቁጠሩት። ንጉሥ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሦስት መንግሥታት አሉ። አንድም ሐዲድ የተሸከመ ሰው የለም። ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ እኛም ሳናስበው እንዲሁ ጻፍነው።

የእጆቹ ሥራ

ሐዲድ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ባቡር አቀበት አይወድም። ስለዚህ ከሐዲዱ በፊት ሰዎች ይቀድማሉ። ኮረብታ ካለ በዶማና በዲጂኖ ይቆርሱታል፤ ድንጋይ ካለ በፈንጂ ይሰብሩታል፤ ሸለቆ ካለ አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ ይሞሉታል ወይም ድልድይ ይሠሩለታል። ከዚያ ጠጠር ይፈሳል። በጠጠሩ ላይ በአግድም የሚተኛው ብረት ይደረደራል፤ እንጨት ከሆነ ምስጥ ይበላዋልና በዚህ መስመር ላይ ብረት ነበር የተመረጠው። በላዩ ላይ ሐዲዱ ይቀመጣል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ልክ አንድ ሜትር መሆን አለበት። ጠበብ ወይም ሰፋ ካለ ባቡሩ ይገለበጣል። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ጠጠሩ ይደለደላል፤ ቡድኑ ወደ ፊት ይሄዳል።

ሐዲዱ ራሱ ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ በተነጠፈው መስመር ላይ በፉርጎ ተጭኖ ሠራተኞቹ እስከደረሱበት ድረስ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ግን የሚያነሣው የሰው ትከሻ ነው። በቆላው ፀሐይ የጋለ ብረት በባዶ እጅ የያዘ ሰው ምን እንደሚሰማው እኛ የጉባ ሰዎች አንጠይቅም፤ የእኛም ፀሐይ ታውቀናለች።

እነማን ነበሩ? ሶማሌዎች ነበሩ፤ አፋሮች ነበሩ፤ ባሕሩን ተሻግረው የመጡ የየመን ዐረቦች ነበሩ፤ ከደጋው የወረዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከአውሮፓም ጣሊያኖችና ግሪኮች በድንጋይ ሥራና በካቦነት ይሠሩ ነበር። በቋንቋ የማይግባቡ፣ በሃይማኖት የማይገናኙ ሰዎች አንድ ብረት በአንድ ጊዜ አነሡ። ሐዲድ በአንድ ሰው አይነሣም፤ ሁሉም እኩል ካላነሣ የአንዱን እግር ይሰብራል።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ሐዲዱ ያለፈበት ምድር ባዶ አልነበረም። የኢሳ ሶማሌዎች በዚያ በረሃ ግመላቸውን ያሠማሩ፣ የሲራራ ነጋዴዎችን ዕቃ በግመል እየጫኑ ይኖሩ ነበር። ባቡሩ እንጀራቸውን እንደሚወስድ ገባቸው። በግንባታው የመጀመሪያ ዓመታት የሥራ ሰፈሮች ላይ አደጋ ጣሉ፤ ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ፈቃዱን የፈረሙት አይደሉም፤ ዶማ የያዙት ናቸው። የገደሉትም ክፋት የሰለጠናቸው ብቻ ሳይሆኑ የሚበሉትን ያጡ ሰዎች ነበሩ። መንገድ ለአንዱ ሲከፈት ለሌላው ሊዘጋ ይችላል። ይህን ሳንናገር ስለ ሥልጣኔ ብቻ ብንናገር ግማሽ እውነት ይሆናል።

በሌላውም አገር እንዲሁ ነበር። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዘረጉት ሐዲድ በ1901 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ጋ ሲደርስ፣ ከሕንድ ወደ 32,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ተወስደው ሠርተውበት ነበር። ከእነርሱም ወደ 2,500 የሚጠጉት ሞተዋል። ሰዎች ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሱት በጻቮ ሠራተኞችን የበሉትን ሁለት አንበሶች ነው። አንበሶቹ በቺካጎ ሙዚየም ቆመዋል። የተበሉት ሰዎች ስም ግን በስንቶቻችን አፍ ላይ አለ?

ስም የምትጽፍ ሴት

ያ ዘመን ሁሉ ግን ጨለማ ብቻ አልነበረም። በብሪታንያ ሐዲድ የሚዘረጉና ግድብ የሚቆፍሩ የጉልበት ሠራተኞች በሕዝቡ ዘንድ የተናቁ ነበሩ። ሰካራም፣ ተደባዳቢ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይገባ ተብለው ይታዩ ነበር። በ1877 እ.ኤ.አ. ክርስቲያኖች ለእነርሱ የሚሠራ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ኤልሳቤጥ ጋርኔት የምትባል የቄስ ልጅና የቄስ መበለት ነበረች። ወደየሥራ ሰፈሩ እየሄደች መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምር ነበር፤ ማንበብያ ክፍልና የሰንበት ትምህርት እንዲከፈትላቸውም ትጥር ነበር።

ከሥራዎቿ ሁሉ እኛን የነካን ግን ሌላ ነው። በየሦስት ወሩ ለሠራተኞቹ የሚላክ ደብዳቤ ታሳትም ነበር። በደብዳቤው ውስጥ የመንፈሳዊ ምክር ብቻ አልነበረም። በየሥራው የሞቱትና የቆሰሉት ሰዎች ዝርዝር ይታተምበት ነበር። ከቦታ ቦታ ስለሚዞሩ ቤተሰቦቻቸው የት እንዳሉ የማያውቁ ብዙዎች ነበሩና፣ ያ ዝርዝር ለእናትም ለሚስትም ወሬ ነበር። አንዲት አማኝ ሴት ወንጌልን ከነገረቻቸው በኋላ ስማቸውን ጻፈች።

በተሠራው ሐዲድ ላይ ጥገና የሚያደርጉትም ቢሆኑ ከሞት አልራቁም። ጠዋት ጠዋት የየድርሻቸውን መስመር በእግር እየሄዱ የላላውን ብሎን ያጠብቁ ነበር፤ በጉም ቀን ድንገት የመጣ ባቡር ይገድላቸው ነበር። የብሪታንያ ምክር ቤት በ1900 እ.ኤ.አ. የባቡር ሠራተኞችን ከአደጋ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ሠራተኞቹ በሐዲድ ላይ ሲሠሩ የባቡር መምጣት የሚያይላቸው ሰው እንዲቆም የሚያዝዝ ደንብም ተከተለው። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ለወንድሙ ማየት። ግን ሕግ እስኪሆን ድረስ ስንት ሰው አለፈ!

ቃሉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ነህምያ እንመለስ። በምዕራፍ ሦስት ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ አለ፤ እርሱም ተነሥቶ በጉን በር ሠራ። ግን ከእርሱ ጋር በእኩል መስመር ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች አሉ (ቁጥር 8)። የሰሎም ሴቶች ልጆች ከአባታቸው ጋር ሠርተዋል (ቁጥር 12)። አንድ አለቃ ሌላው የሚሸሸውን የጉድፍ በር ጠገነ (ቁጥር 14)። ባሮክ የተባለው በትጋት ሠራ ተብሎ ትጋቱ እንኳ ተጽፎለታል (ቁጥር 20)።

ቁጥር 5 ላይ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አለ። የቴቁሐ ሰዎች ሠሩ፤ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም። ይህም ተጻፈ። እነዚያው የቴቁሐ ተራ ሰዎች ግን ቁጥር 27 ላይ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሌላ ድርሻ ጨምረው ሠርተዋል። አለቆቻቸው ያልሠሩትን እነርሱ ደግመው ሠሩ፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ቆጠረላቸው።

ከዚህ በፊትም ቃሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። በዘጸአት 1 እስራኤል ለፈርዖን ፊቶምንና ራምሴን ሲሠሩ እናያለን። ያ ፈርዖን በዓለም ታላቅ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስሙን አልነገረንም። የሁለት አዋላጆችን ስም ግን ነገረን፤ ሲፓራና ፉሐ። ሰው የንጉሡን ስም በድንጋይ ይቀርጻል፤ እግዚአብሔር የአዋላጆቹን ስም በመጽሐፉ ያኖራል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 40 በበረሃ ለአምላክ ጎዳና እንዲዘጋጅ፣ ሸለቆው እንዲሞላ ተራራውም ዝቅ እንዲል ይናገራል። ይህን የምናነበው ስለ መንፈሳዊ ዝግጅት ነው፤ ትክክልም ነው። ግን ሸለቆ በቅርጫት የሞላ ሰው ይህን ቃል ከእኛ በተሻለ ይሰማዋል ብለን እናምናለን። ጌታችንም ራሱ በናዝሬት በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር (ማርቆስ 6፥3)። ወደ ዓለም ሲመጣ የመረጠው እጅ የሻከረ እጅ ነው።

ያዕቆብ ደግሞ በምዕራፍ 5 ቁጥር 4 የሚያስፈራ ነገር ይነግረናል። ለሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ይደርሳል። ሠራተኛው ዝም ቢል እንኳ ገንዘቡ አይዝምም። በኦሪት ዘዳግም 24፥15ም የድሀው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዟል፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ናትና።

ሌላው መንገድ

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም እየተነጠፈ ነበር። ሂካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ ጌታን አመነ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ሆነ። ለወገኖቹ ወንጌልን ለማድረስ ሲነሣ መንገዱ ሁሉ ተዘጋበት። በ1881 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ከምሕረትና ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል ዞሮ ሞከረ፤ ወደ እኛው ክልል እስከ አሶሳ ድረስ ደርሶ እንዲመለስ ተገደደ። ካርቱም ላይ በንዳድ ታመመ።

አስቡት ወገኖች። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ሆኖ የምናውቀው ሰው በአሶሳ ቆሞ ወደ ወለጋ እያየ ተመለሰ። ግን አልተወውም። በባርነት ከቀመሰችው ሕይወት ነፃ ከወጣች ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በትርጉሙ ሥራ ደከመ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1904 እ.ኤ.አ. ኦኔሲሞስ ነቀምት ገባ። ሙከራው ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የኦኔሲሞስን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ቃላቱን አንድ በአንድ የሰበሰበችውን የአስቴርን ስም ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥም ሐዲድ የሚያነጥፉ አሉ።

ሁለቱ መንገዶችም ተገናኙ። በ1927 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ከጅቡቲ በዚሁ ባቡር ነው። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ፣ በሲዳማና በሐድያ ወንጌልን ሰበኩ። ዛሬ ከእነዚያ አገሮች የመጡ አማኞች በእኛ መካከል ተቀምጠው ይዘምራሉ። ስለዚህ የእምነታችን ታሪክ በዚያ ሐዲድ ላይ አልፏል ማለት ነው። ሐዲዱን ያነጠፉት ደግሞ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው። ማን እንደሚያልፍበት ሳያውቁ ደከሙ፤ እኛ በድካማቸው ገባን። በጉባ የሙስሊም ጎረቤታችንን ስናገኝ ይህን ዕዳ ማስታወስ ይገባናል። ወንጌልን እንነግረዋለን፤ ግን ከላይ ወደ ታች እንደሚያይ ሰው ሳይሆን ዕዳ እንዳለበት ሰው።

ወደ ራሳችን

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ራሳችን ቤት ማየት ግድ ሆነ። የጸሎት ቤታችንን ያስመረቅን ዕለት ስጦታ የሰጡትን ሁሉ በስም ጠርተን አመስግነናል፤ ጭብጨባም ነበር። መሠረቱን የቆፈሩት፣ ድንጋዩን በባሬላ ያመላለሱት የቀን ሠራተኞች ግን አልተጠሩም። ምረቃ ላይም አልተጠሩም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው «እነማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። ከእኛ መካከል ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ። በስንት ፍለጋ የስድስቱን ስም አገኘን። ስንጠይቅም ሌላ ነገር ወጣ። አንዱ የጉሙዝ ወጣት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ደመወዝ ሳይቀበል ነው የሄደው። ገንዘብ ያዡ የሠራተኞቹ ካቦ የከፈለው መስሎት ነበር፤ ካቦው ቤተ ክርስቲያኒቱ የከፈለች መስሎት ነበር። እኛ ውስጥ ሆነን ስንዘምር ያ ደመወዝ ይጮኽ ነበር።

ወጣቱ ወርቅ ለማጠብ ወደ ወንዝ ወርዶ ስለነበር በዘመዱ በኩል ላክንበት። አንድ እሑድ መጣና ከደጅ ቆመ። ሽማግሌው ወጥተው በስሙ ጠሩት፤ ይቅርታ ጠይቀው ከነጭማሪው ሰጡት። ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስሜን ማን ነገራችሁ?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጠይቀናል።

ግድቡ በአካባቢያችን ተሠርቷል። ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 145 ሜትር ነው። ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ወንድሞችና እኅቶች መጥተው በሙቀቱ ደክመውበታል። ከወንዙ ዳር የኖሩ የጉሙዝ ቤተሰቦችም ውኃው ሲመጣ የአባቶቻቸውን ቦታ ለቀዋል። ለአገራችን ብርሃን ስለሆነው ሥራ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ግን ምስጋናችን ሙሉ የሚሆነው የደከመውንም የለቀቀውንም በስም ስናስብ ነው። መተከል በቅርብ ዓመታት ብዙ ደም አይታለች፤ ሰው ከስሙ ይልቅ በብሔሩ ብቻ ሲጠራ ምን እንደሚመጣ በዓይናችን አይተናል። የሰውን ስም ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ እስቲ በዚህ ሳምንት እነዚህን እናድርግ።

አንደኛ፣ በቤታችንና በሥራችን የሚያገለግሉንን ሰዎች፣ ዘበኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ተሸካሚውን በሙሉ ስማቸው እንወቅ፤ በስማቸውም እንጸልይላቸው።

ሁለተኛ፣ በእጃችን የቆየ የሰው ደመወዝ ካለ ፀሐይ ሳትገባ እንክፈል። ከመባ በፊት ይህ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሠራ ወይም ስታድስ የቀን ሠራተኞቹ ስም ይጻፍ፤ በምረቃውም ቀን በፊት ወንበር ይቀመጡ።

እስካሁን ጌታን ያላወቃችሁ አንባቢያን ደግሞ ይህን ስሙ። ምናልባት እናንተም ዕድሜ ልካችሁን ለሌላው መንገድ ስታነጥፉ፣ ማንም ሳይጠራችሁ ኖራችሁ ይሆናል። ጌታ ኢየሱስ በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ እረኛ ነው (ዮሐንስ 10፥3)። ደቀ መዛሙርቱም ከሠሩት ታላቅ ሥራ ይልቅ ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ደስ እንዲላቸው ነግሯቸዋል (ሉቃስ 10፥20)። ወደ እርሱ ለመቅረብ መንገዱን እናንተ አትሠሩም፤ እርሱ በመስቀሉ ሠርቶታል። የዚያን መንገድ ዋጋ የከፈለው ሠራተኛ ስሙ ይታወቃል፤ ከስም ሁሉ በላይ የሆነው ስም ነው።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ የምታውቃቸውን እኛ ስለረሳን ይቅር በለን። በሌላው ድካም ገብተን እንዳልደከመ ሰው ስላመሰገንን ይቅር በለን። ከተበደረው ደመወዝ ነፃ እጅ፣ ስም የሚያስታውስ ልብ ስጠን። በሐዲዱም በግድቡም የደከሙትን ቤተሰቦች አስብ። በምድራችን በጉባ የሰው ስም በፍቅር የሚጠራበት ሰላም አምጣ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።